የሒሳብ መዝገቡን የጠየቀ መንግሥት፦ የብሪታንያ የመድኃኒት ዋጋና ትርፍ ቁጥጥር ታሪክ

ታማሚ በዋጋ አይከራከርም። ጤፍ የሚገዛ ሰው ዋጋው ካልተስማማው ወደ ሌላ ነጋዴ ይሻገራል፤ ልጁ በትኩሳት የሚያቃስትበት አባት ግን ፋርማሲው የጠራውን ከፍሎ ይወጣል። መድኃኒቱን የሚመርጠው ሐኪሙ ነው፤ የሚውጠው ታማሚው ነው፤ በብዙ አገር ደግሞ ሒሳቡን የሚከፍለው መንግሥት ወይም የመድን ድርጅት ነው። የመረጠው አይከፍልም፤ የሚከፍለውም አልመረጠም። በዚያ ላይ አዲስ መድኃኒት ያወጣ ኩባንያ የፈጠራ መብት ስለሚሰጠው ለዓመታት ተፎካካሪ አይገጥመውም። እንዲህ ባለ ገበያ ዋጋ በራሱ ጊዜ የሚወርድበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ መንግሥት ዘንድ ይደርሳል፦ የአንድ መድኃኒት ተገቢ ዋጋ ስንት ነው? አምራቹስ ስንት ቢያተርፍ ነው አግባብ የሚባለው?

ለዚህ ጥያቄ ቀደም ብለው ተቋማዊ መልስ ከሰጡ አገሮች አንዷ ብሪታንያ ናት። መልሷም የተለየ ነበር። ብዙ መንግሥታት የእያንዳንዱን መድኃኒት ዋጋ ሲተምኑ፣ እሷ ዋናውን ትኩረቷን በኩባንያው ጠቅላላ ትርፍ ላይ አደረገች። ከ1957 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስሙን እየቀያየረ እስከ ዛሬ የዘለቀው ይህ ሥርዓት ብዙ ድል፣ ብዙ ሽንፈትም አይቷል። ድሉንም ሽንፈቱንም ለመረመረ ሰው አንድ እውነት ጎልቶ ይታየዋል፦ የኩባንያውን የሒሳብ መዝገብ ያላየ መንግሥት ስለ ዋጋ ፍትሐዊነት መናገር አይችልም፤ ትርፍም ሁልጊዜ ሹልክ የሚለው መንግሥት በማያይበት በኩል ነው።

ነፃ ሕክምና ያመጣው ሒሳብ

ነገሩን ከሥሩ ስናየው፣ መነሻው ሐምሌ 5 ቀን 1948 ነው። በዚያ ቀን በጤና ሚኒስትሩ በአኑሪን ቤቫን መሪነት የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥራ ጀመረ። ሕክምናውም መድኃኒቱም ከታማሚው ኪስ ምንም ሳይጠየቅበት፣ ከግብር በሚሰበሰብ ገንዘብ ይሰጥ ጀመር። ጊዜው የመድኃኒት ሳይንስ የፈነዳበት ነበር። ፔኒሲሊን ከጦር ሜዳ ወደ ሲቪል ሆስፒታሎች ገብቷል፤ ስትሬፕቶማይሲን የሳንባ ነቀርሳን ታሪክ እየለወጠ ነው፤ ቴትራሳይክሊንና ሌሎች ፀረ ተሕዋስያን ተከታትለው ይመጣሉ። ከዚያ ቀደም ሐኪሙ የሚያዝዘው አብዛኛው ነገር ፋርማሲው ራሱ የሚቀምመው ርካሽ ድብልቅ ነበር፤ አሁን ግን ፋብሪካ አምርቶ፣ የንግድ ስም ሰጥቶ፣ በማስታወቂያ ሐኪሙ ዘንድ የሚያደርሰው ውድ ምርት ሆነ።

የመድኃኒት ወጪው ማደግ የገንዘብ ሚኒስቴሩን አስደነገጠ። በ1952 በእያንዳንዱ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ላይ የአንድ ሺሊንግ ክፍያ ተጣለ። ክፍያው ታማሚውን ነካ እንጂ ዋጋውን የሚወስነውን አምራች አልነካም። የፓርላማው የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴም በተደጋጋሚ ይጠይቅ ነበር፦ መንግሥት በሐኪም ለሚታዘዘው መድኃኒት ዋነኛ ከፋይ ከሆነ፣ የሚከፍለው ዋጋ ትክክል መሆኑን በምን ያውቃል? የጤና ሚኒስቴሩ አጥጋቢ መልስ አልነበረውም።

በስምምነት የተጀመረ ቁጥጥር

በ1957 ሚኒስቴሩና የብሪታንያ የመድኃኒት አምራቾች ማኅበር አንድ ስምምነት ላይ ደረሱ። ሥርዓቱ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ የዋጋ ቁጥጥር ተባለ፤ በሕግ የተጣለ ግዴታ አልነበረም። ኩባንያዎቹ የገቡበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እምቢ ቢሉ መንግሥት ወደ አስገዳጅ ሕግ መሄዱ እንደማይቀር ያውቁ ነበር። መንግሥትም ቢሆን ወደ ውጭ የሚላክ ምርትና የሥራ ዕድል የሚያመጣውን ኢንዱስትሪ ማስቀየም አልፈለገም።

የመጀመሪያው ስምምነት የሚያየው ዋጋን ብቻ ነበር። ዋናው መለኪያ የውጭ ገበያ ነው፤ አንድ መድኃኒት በበቂ መጠን ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የአገር ውስጥ ዋጋው ከውጭው አማካይ ዋጋ መብለጥ የለበትም። አዲስ መድኃኒት ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ከቁጥጥር ነፃ ነው። ሁለቱም ድንጋጌዎች ትልቅ ቀዳዳ ነበረባቸው። ለውጭ የሚሸጠውን ዋጋ የሚወስነው ያው ኩባንያ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚሸጠው በሌላ አገር ላለው እህት ድርጅቱ ነበር። ሦስቱ የነፃነት ዓመታትም በፍጥነት በሚለዋወጠው ገበያ ዋናው የትርፍ ወቅት ነበሩ።

የፓወል እርምጃ

ከ1960 እስከ 1963 የጤና ሚኒስትር የነበረው ኢኖክ ፓወል ነፃ ገበያን አጥብቆ የሚደግፍ ወግ አጥባቂ ነበር። ሆኖም በመድኃኒት ዋጋ ላይ እስከዚያ ማንም ያልደፈረውን እርምጃ የወሰደው እሱ ነው። በብሪታንያ የቴትራሳይክሊን የፈጠራ መብት የፋይዘር ነበር። ጣሊያን ግን በዚያን ጊዜ ለመድኃኒት የፈጠራ መብት አትሰጥም ነበርና፣ ፋብሪካዎቿ ያንኑ መድኃኒት በጣም ርካሽ ያመርቱት ነበር። የ1949ኙ የፈጠራ መብት ሕግ ደግሞ ለዘውዱ አገልግሎት፣ ማለትም ለመንግሥት ሥራ ሲባል፣ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መጠቀም እንደሚቻል ይደነግጋል። ፓወል ይህን አንቀጽ ይዞ ለሆስፒታሎች የሚሆን ቴትራሳይክሊን ከጣሊያን እንዲገባ በ1961 አዘዘ።

ፋይዘር ከሰሰ። ክርክሩ በዚያ ዘመን የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ እስከነበረው የሎርዶች ምክር ቤት ዘልቆ በ1965 በሦስት ለሁለት ድምፅ ለመንግሥት ተፈረደ፤ የሆስፒታል ታማሚን ማከም የዘውዱ አገልግሎት ነው ተባለ። ፍርዱ ያስገኘው ጥቅም በአንድ መድኃኒት ዋጋ ብቻ የሚለካ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለድርድር የሚቀመጥ ኩባንያ ሁሉ፣ መንግሥት ከሌላ ሊገዛ እንደሚችል እያወቀ ነው የሚቀመጠው።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ሴናተር ኤስቴስ ኬፎቨር ከ1959 ጀምሮ የመድኃኒት ኩባንያዎችን በአደባባይ ይመረምር ነበር። የማምረቻ ወጪና የመሸጫ ዋጋ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለሕዝብ አሳየ። በ1962 የወጣው ሕግ ግን የደኅንነትና የፈዋሽነት ማረጋገጫን አጠበቀ እንጂ ስለ ዋጋ የነበረውን ሐሳብ አስቀረ። ሁለቱ አገሮች መንገድ ከተለያዩባቸው አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው።

ከዋጋ ወደ ትርፍ

በ1965 የሌበር መንግሥት በሎርድ ሴንስበሪ የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በ1967 ባወጣው ሪፖርት፣ አንዳንድ ኩባንያዎች ከጤና አገልግሎቱ ያገኙት ትርፍ ከልክ ያለፈ መሆኑን ገለጸ። የውጭ ንግድ ዋጋን መለኪያ ማድረጉም እንደማይሠራ አሳየ። የመፍትሔው ፍሬ ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ዋጋው ተገቢ መሆኑን ለማወቅ ወጪው መታወቅ አለበት፤ ወጪው እንዲታወቅ ደግሞ ኩባንያው መዝገቡን መክፈት አለበት።

በ1969 የታደሰው ስምምነት ይህን ተቀበለ። ለጤና አገልግሎቱ በብዛት የሚሸጡ ኩባንያዎች ሽያጫቸውን፣ የማምረቻ ወጪያቸውን፣ የምርምርና የማስታወቂያ ወጪያቸውን፣ ያፈሰሱትን ካፒታልና ትርፋቸውን በየዓመቱ ለሚኒስቴሩ ማቅረብ ጀመሩ። ለእኔ የተቋሙ እውነተኛ ልደት ከ1957 ይልቅ ይህ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ሚኒስቴሩ ዋጋን ከዋጋ ጋር ያስተያይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ዋጋው ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ቻለ።

ሮሽ፦ የሥርዓቱ ከባድ ፈተና

አዲሱ ሥልጣን ወዲያው ተፈተነ። የስዊዘርላንዱ ሆፍማን ላ ሮሽ በ1960 ሊብሪየምን፣ በ1963 ደግሞ ቫሊየምን ለገበያ አቀረበ። ሁለቱም ጭንቀትን የሚያስታግሡ መድኃኒቶች ናቸው፤ በዓለም ላይ በብዛት ከታዘዙት ውስጥም ሆኑ። የብሪታንያ ሚኒስቴር የሮሽን የብሪታንያ ቅርንጫፍ ሒሳብ ሲጠይቅ የቀረበለት መዝገብ መጠነኛ ትርፍ ያሳያል። ምክንያቱ ቅርንጫፉ ጥሬ ዕቃውን የሚገዛው በባዝል ካለው እናት ኩባንያው መሆኑ ነበር፤ የዚያን ዋጋ የሚወስነው ደግሞ እናት ኩባንያው ራሱ ነው። ትርፉ ብሪታንያ ሳይደርስ ስዊዘርላንድ ላይ ቀርቷል።

ድርድሩ ስላልተሳካ ጉዳዩ በ1971 ወደ ሞኖፖሊ ኮሚሽን ተመራ። ኮሚሽኑ በ1973 ያወጣው ሪፖርት አገሩን አስደነቀ። ቅርንጫፉ ለአንድ ኪሎ የሊብሪየም ንጥረ ነገር ለእናት ኩባንያው 370 ፓውንድ ይከፍል ነበር፤ ያው ንጥረ ነገር ከጣሊያን በ9 ፓውንድ ይገኛል። ለቫሊየም 922 ፓውንድ ይከፍል ነበር፤ የጣሊያኑ ዋጋ 20 ፓውንድ ነው። ሮሽ ልዩነቱ የዓለም አቀፍ ምርምሩ ወጪ ነው ብሎ ተከራከረ። ኮሚሽኑ ምርምር ገንዘብ እንደሚጠይቅ አልካደም፤ የተጠየቀው ዋጋ ግን በምርምር ወጪ የሚገለጽ ሆኖ አላገኘውም። የሊብሪየም ዋጋ ከ1970ው ከ40 በመቶ፣ የቫሊየም ደግሞ ከ25 በመቶ እንዳይበልጥ ሐሳብ አቀረበ። መንግሥትም ዋጋው እንዲወርድ ትእዛዝ አወጣ።

ሮሽ በፍርድ ቤት ታገለ። በ1974 ሎርዶች ምክር ቤት የደረሰው ክርክር በመንግሥት አሸናፊነት ተዘጋ፤ በ1975 ኩባንያው 3.75 ሚሊዮን ፓውንድ ለመመለስ ተስማማ። ገንዘቡ ከተሸጠው አንጻር ብዙ አልነበረም። ትምህርቱ ግን ዋጋ ነበረው፦ በአገር ውስጥ የተመዘገበ ሒሳብ ብቻውን እውነቱን አይናገርም። ኩባንያው ከራሱ ድርጅት የሚገዛበት ዋጋ ካልተመረመረ፣ ትርፍን የሚቆጣጠር መንግሥት የሚቆጣጠረው ሊያሳዩት የወደዱትን ትርፍ ብቻ ነው።

የሥርዓቱ አሠራር

በ1970ዎቹ መጨረሻ ሥርዓቱ የመድኃኒት ዋጋ መቆጣጠሪያ ሥርዓት የሚለውን ስም ያዘ፤ በየአምስት ወይም ስድስት ዓመቱ ገደማም እየተደራደሩ ያድሱት ነበር። በ2000ዎቹ የነበረው አሠራር ጥሩ ማሳያ ነው። ኩባንያው ለጤና አገልግሎቱ በሚሸጠው ሥራ ላይ ካዋለው ካፒታል 21 በመቶ እንዲያተርፍ ይታለማል። ከታለመው ትርፍ እስከ 40 በመቶ ቢያልፍ ይፈቀድለታል። ስለዚህ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ያፈሰሰ ድርጅት ዒላማው 21 ሚሊዮን ነው፤ እስከ 29.4 ሚሊዮን ድረስ ቢያተርፍም አይጠየቅም። ከዚያ በላይ ያለውን ግን ይመልሳል፣ አለዚያም ዋጋ ይቀንሳል። ትርፉ በጣም ካነሰ ደግሞ ዋጋ ለመጨመር ማመልከት ይችላል። የምርምር ወጪ እስከ ተወሰነ ድርሻ ይታሰብለታል፤ ለማስታወቂያና ለሽያጭ ወኪሎች ከጣሪያ በላይ ያወጣው ግን እንደ ትርፍ ይቆጠርበታል።

ለዚህ አሠራር የሚከራከሩ ሰዎች ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። ቁጥጥር ምርምርን ይገድላል የሚለው ስጋት በብሪታንያ አልደረሰም። የደም ግፊትና የልብ ሕክምናን የለወጠው ፕሮፕራኖሎል፣ የጨጓራ ቁስልን ያለ ቀዶ ሕክምና ማዳን ያስቻለው ሲሜቲዲን፣ በ1981 ገበያ ላይ ውሎ በዓለም ቀዳሚ ተሻጭ የሆነው የግላክሶ ዛንታክ ሁሉም በዚያው አገር ቤተ ሙከራዎች የተገኙት ይህ ቁጥጥር በነበረበት ዘመን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ምርምር የመሩት ጄምስ ብላክ በ1988 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ነቀፋውም እውነት ነበረው። ትርፍ ከካፒታል አንጻር ሲለካ ካፒታሉን ማበጥ ያዋጣል። የአዲስ መድኃኒትን መነሻ ዋጋ የሚወስነው አሁንም ኩባንያው ነው። የእያንዳንዱ ኩባንያ ሒሳብ ምስጢር ስለሆነ፣ ስምምነቱ ለሕዝብ ምን ያህል እንዳተረፈለት ከውጭ ሆኖ ማረጋገጥ አይቻልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዋጋውን የሚከራከረው ሚኒስቴር ኢንዱስትሪውን የማበረታታት ኃላፊነትም ነበረበት። አንድ መሥሪያ ቤት ገዢም ደጋፊም ሲሆን፣ ማንን እንደሚያስቀድም ለራሱም ግልጽ አይሆንለትም።

ከትርፍ ወደ ጥቅም

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሌሎች መሣሪያዎች ታከሉ። ከሚያዝያ 1985 ወዲህ በጤና አገልግሎቱ ገንዘብ የማይታዘዙ መድኃኒቶች ዝርዝር ወጣ። ሐኪሞችም ኩባንያዎችም አጥብቀው ተቃወሙት። ቫሊየም የሚለው የንግድ ስም ከታገዱት አንዱ ነበር፤ መድኃኒቱ ራሱ ዳያዜፓም በሚለው መጠሪያው በርካሽ ይታዘዝ ዘንድ። በ1999 ደግሞ ሁለት ነገሮች ሆኑ። የጤና ሕጉ በስምምነቱ ለማይገዛ ኩባንያ ዋጋና ትርፍ መንግሥት በሕግ እንዲወስን ሥልጣን ሰጠ። ናይስ በሚል ምህጻር የሚታወቀው ብሔራዊ ተቋምም ተመሠረተ፤ ሥራው አንድ ሕክምና ለወጪው የሚመጥን ጤና ይሰጣል ወይ ብሎ መመርመር ነው። ተቋሙ ለብዙ ዓመታት በሙሉ ጤና ለሚኖር አንድ ተጨማሪ ዓመት ከ20,000 እስከ 30,000 ፓውንድ ድረስ ተገቢ ወጪ አድርጎ ያይ ነበር።

የፍትሐዊ ንግድ ቢሮ በ2007 ባወጣው ጥናት፣ የጤና አገልግሎቱ ለንግድ ስም መድኃኒቶች በዓመት 8 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ እንደሚያወጣ፣ ከዚህም ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጋው የተሻለ ጥቅም ላይ ሊውል ይችል እንደነበር ገለጸ። ዋጋ በመድኃኒቱ ፈዋሽነት ይወሰን የሚል ሐሳብም አቀረበ። ሐሳቡ በሙሉ አልተፈጸመም። በ2014 የመጣው ለውጥ ሌላ ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላላ የንግድ ስም መድኃኒት ወጪ በዓመት ምን ያህል እንደሚያድግ ጣሪያ ተቆርጦ፣ ከዚያ ያለፈውን ኩባንያዎቹ ከሽያጫቸው እያዋጡ እንዲመልሱ ተደረገ።

የናይስ መንገድ ምን ያህል መራራ ሊሆን እንደሚችል ኦርካምቢ የተባለው መድኃኒት አሳይቷል። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ለተባለ በዘር የሚተላለፍ የሳንባ በሽታ የሚሰጥ ሲሆን፣ የተለጠፈበት ዋጋ ለአንድ ታማሚ በዓመት ወደ 104,000 ፓውንድ ነበር። ናይስ በ2016 ለዚህ ዋጋ አይመጥንም አለ፤ ኩባንያው ቨርቴክስም በሚፈለገው ልክ አልወረደም። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ከሦስት ዓመት በላይ ጠበቁ፤ ሰልፍ ወጡ። ፓወል የተጠቀመበት የዘውድ አገልግሎት አንቀጽ እንደገና ይነሣ የሚል ጥያቄም ፓርላማ ደረሰ። በጥቅምት 2019 ስምምነት ተገኘ። የተከፈለው ዋጋ ግን ምስጢር ሆኖ ቀረ።

ከአጥሩ ውጭ የቀረው

ትልቁ ሽንፈት የመጣው ማንም ካልጠረጠረው በኩል ነው። ሥርዓቱ የሚቆጣጠረው የንግድ ስም ያላቸውን መድኃኒቶች ነበር። የፈጠራ መብታቸው ያለቀ፣ ብዙ አምራች የሚያወጣቸው ጄኔሪክ መድኃኒቶች በፉክክር ይረክሳሉ ተብሎ ተተዉ። ታዲያ ስሙ ተነሥቶለት ጄኔሪክ የተባለ፣ ግን ተፎካካሪ የሌለው መድኃኒትስ?

ፊኒቶይን ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ ያረጀ መድኃኒት ነው። መጠኑ ጥቂት ቢዛባ አደጋ ስላለው፣ ታማሚውን ከአንድ አምራች ምርት ወደ ሌላው ማዛወር አይመከርም። ፋይዘር በ2012 የመሸጫ መብቱን ፍሊን ለተባለ ድርጅት ሸጠ፤ ፋይዘር ማምረቱን ቀጠለ፣ ፍሊንም የንግድ ስሙን አንሥቶ ሸጠው። መድኃኒቱ ከቁጥጥሩ ወጣ። 2.83 ፓውንድ የነበረው የ100 ሚሊግራም እሽግ 67.50 ፓውንድ ገባ። የጤና አገልግሎቱ ለዚህ መድኃኒት በ2012 ያወጣው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ፣ በ2013 ወደ 50 ሚሊዮን አሻቀበ። የውድድርና ገበያዎች ባለሥልጣን በ2016 ፋይዘርን 84.2 ሚሊዮን፣ ፍሊንን 5.2 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣ። ውሳኔው በይግባኝ ተሻረ፤ ባለሥልጣኑ በ2022 እንደገና ወሰነ፤ ይግባኝ ሰሚው ጉባኤም በ2024 ጉዳዩን ራሱ መርምሮ ዋጋው አግባብነት የሌለው ነበር ከሚል መደምደሚያ ደረሰ። ለሆርሞን እጥረት በሚሰጠው ሃይድሮኮርቲዞንም ላይ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል፤ በ2008 የ70 ፔንስ የነበረው እሽግ በ2016 እስከ 88 ፓውንድ ተሽጧል።

ፓርላማው በ2017 ባወጣው ሕግ መንግሥት በጄኔሪክ መድኃኒቶች ዋጋም ጣልቃ መግባት እንዲችል አደረገ። ቀዳዳው ለዓመታት ክፍት ሆኖ፣ ሕዝብ ብዙ ሚሊዮን ፓውንድ ከከፈለ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል።

ፍርዱ

ዛሬ ትግሉ ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ2019 የተጀመረው ስምምነት የወጪ ዕድገትን በዓመት 2 በመቶ ላይ ወሰነ። ከኮቪድ በኋላ የመድኃኒት ፍጆታ ሲጨምር፣ ኩባንያዎች ከሽያጫቸው የሚመልሱት ድርሻ በ2021 ከነበረበት 5.1 በመቶ በ2022 ወደ 15፣ በ2023 ደግሞ ወደ 26.5 በመቶ ዘለለ። አብቪና ኢላይ ሊሊ ከስምምነቱ ወጡ፤ ኢንዱስትሪውም ኢንቨስትመንት ወደ ሌላ አገር ይሄዳል እያለ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው ችላ የሚባል አይደለም። ግን ከ1957 ጀምሮ በየድርድሩ የተሰማ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ፣ ከማስረጃ ጋር ተመዝኖ መታየት አለበት።

የዚህ ተቋም ታሪክ ትርፍን የሚያወግዝ አይደለም። ያለ ትርፍ አዲስ መድኃኒት ወደ ታማሚው እንደማይደርስ ብሪታንያ ከመጀመሪያው ተቀብላ ነው 21 በመቶን የፈቀደችው። ታሪኩ የሚመሰክረው ሌላ ነገር ነው። መንግሥት ያሸነፈባቸው ጊዜያት ሁለት ነገር በእጁ የነበረባቸው ናቸው፦ ሒሳቡን የማየት መብትና ከሌላ የመግዛት አማራጭ። የተሸነፈባቸው ጊዜያት ደግሞ አንዱን ወይም ሌላውን ያጣባቸው ናቸው። የመድኃኒት ዋጋ ተቆጣጣሪ ተቋም ለማቋቋም የሚያስብ አገር ሁሉ የዋጋ ሰንጠረዥ ከማዘጋጀቱ በፊት እነዚህን ሁለቱን በሕግ ያስቀምጥ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ እነዚህ ከሌሉ ግን ሰንጠረዡ ኩባንያው የነገረውን መልሶ ከመጻፍ አያልፍም።